አሮጌ የናፍጣ መኪና አልነሳ ሲል ኤሌክትሪኩን ከየት እንጀምር?

አሮጌ የናፍጣ መኪና አልነሳ ሲል ገና ምንም ሳይለካ ሞተሪኖ (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር) ለማስፈታት የሚቸኩል ሰው ያናድደኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ገመድ ላይ ነው።

ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። የባትሪውን ቮልት ለኩ፤ ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲቆይ 12.6 ገደማ ያሳያል። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም አልሞላም።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ግን፣ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው ከነጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነው። የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን አስዙሩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየባከነ ነው። ነጌቲቩን ከባትሪው አላቅቁ፣ የገመዱን ብሎኖች ፍቱ፣ ዝገቱን ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፈግፍጉ፣ አጥብቃችሁ መልሱ። የፖዘቲቩንም ገመድ ጫፎች እንዲሁ አጽዱ።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ፣ በተለይ በብርድ፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ውስጡን የሚያሞቁትን) ተመልከቱ። ገመዳቸውን ነቅላችሁ መለኪያውን ወደ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) አዙራችሁ እያንዳንዱን ለኩ፤ ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፣ የተቃጠለው መስመሩ የተቆረጠ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ጤነኛ ከሆኑ ፊውዛቸውንና ሪሌያቸውን (ኃይል የሚያበራላቸውን ማብሪያ ማጥፊያ) ፈትሹ።

በናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለችውን የናፍጣ መዝጊያ ቫልቭ አትርሱ። ቁልፉ ሲከፈት ድምፅ ካላሰማች ገመዷ ላይ 12 ቮልት መድረሱን አረጋግጡ፤ ከደረሰ የምትቀየረው እርሷ ናት።