ሰዓቱን ሠርቶ ፈራሚ ማጣት

ባለፈው ሳምንት አንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ተለማማጅ ልጅ ከዳላስ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሰዓቴ ሞልቷል፤ የሚፈርምልኝ ግን አጣሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ስልክ ሲደርሰኝ ስንተኛዬ እንደሆነ ስለማላውቅ ነው ይህን የምጽፈው።

በቴክሳስ ለጆርኒማን ላይሰንስ፣ ማለትም ከተለማማጅ (አፕረንቲስ) ቀጥሎ ላለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈቃድ፣ በማስተር ኤሌክትሪሺያን (ከፍተኛው ፈቃድ ባለው ባለሙያ) ሥር የተሠራ 8,000 ሰዓት ይጠየቃል። ሰዓቱን መሥራትና መሥራትን ማስመስከር ግን ለየቅል ናቸው።

ትልቁ ጥፋት የሠሩትን ሰዓት በማስተሩ ሳያስፈርሙ ሥራ መልቀቅ ነው። ልጁ አንድ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቷል። ሌላ ቦታ በሰዓት ሁለት ዶላር ጨመሩለትና አርብ ማታ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። ዛሬ ድርጅቱ ተዘግቷል፣ ማስተሩ ጡረታ ወጥቶ ከተማውን ለቋል፣ ስልኩም አይሠራም። ወደ 5,000 ሰዓት ነው እኮ! በነሐሴ ሙቀት ከኮርኒስ በላይ እየዳኸ ሽቦ የሳበበት፣ ጉልበቱ እስኪላጥ። የልምድ ማረጋገጫውን ፎርም መሙላት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የማስተሩ ስምና የላይሰንስ ቁጥር፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ፊርማ። አለቀ። የመጨረሻውን ቼክ ስትቀበሉ ፎርሙንም አስፈርሙ፣ ቅጂውን ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን ቤትም አስቀምጡ። ከአለቃችሁ ተኳርፋችሁ ብትወጡ እንኳ ኩርፊያውን ለአሥር ደቂቃ ዋጥ አድርጉት። ሁለት ቦታ ከሠራችሁ ደግሞ ሁለት ፎርም ነው።

ፎርማን (የሳይቱ ሥራ ተቆጣጣሪ) አይፈርምም። ሲያሠራችሁ የዋለው ጆርኒማንም አይፈርምም። ማስተር ነው የሚፈርመው። ብዙ ተለማማጆች ማስተሩን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ ስሙን እንኳ አይጠይቁም። በገባችሁበት ሳምንት ጠይቁ።

ዓመት እየቆጠሩ «አራት ዓመት ሞላኝ» ማለትም አለ። ሂሳቡ የሚሠራው በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ከሠራችሁ ነው። ዝናብ፣ ሥራ የጠፋበት ወር፣ አገር ቤት ለሠርግ የሄዳችሁበት ሁለት ወር አይቆጠርም። ኦቨርታይም ግን ይቆጠራል፣ ስለዚህ የቼካችሁን ቁራጭ አትጣሉ። ስለ መጋነንም ልንገራችሁ፦ አንዱ በአንድ ዓመት 5,200 ሰዓት ጽፎ እንድፈርምለት አመጣልኝ። በሳምንት 100 ሰዓት መሆኑ ነው። «መቼ ነው የምትተኛው?» ብዬ መለስኩለት። የምፈርመው በራሴ ላይሰንስ ነው፣ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው።

የኛ ሰው ልዩ ችግር ስም ነው። አፕረንቲስ ካርዱ (የተለማማጅነት ፈቃዱ) ላይ ጸጋዬ በ«ቲ» ይጀምራል፣ ደሞዝ መዝገቡ ላይ በ«ኤስ»፤ አንዱ ጋ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ጋ የለም። ፎርሙ ላይ ካርዱ ላይ ያለውን ስም፣ ፊደል በፊደል፣ እንዳለ ጻፉ።

ቅዳሜና እሁድ ላይሰንስ ከሌለው ወዳጅ ጋር የምትሠሩት የሱቅ ሥራ ኪሳችሁን ይሞላ ይሆናል እንጂ ሰዓታችሁን አይሞላም። ማስተር በሌለበት የተሠራን ሥራ ማን ይመሰክርላችኋል? ደግሞም ሕገ ወጥ ነው።

የአፕረንቲስ ካርድ በየዓመቱ ይታደሳል። እኔ ራሴ ረስቼው ማስተሬ ከሳይት ወደ ቤቴ መልሶኛል። ለ20 ዶላር የማደሻ ክፍያ ብዬ የሁለት ሳምንት ደሞዝ አጣሁ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች። የተመዘገበ የአፕረንቲስ ትምህርት ውስጥ ካልሆናችሁ ለማደስ 4 ሰዓት ኮርስም መውሰድ አለባችሁ።

ፈተናውን 7,000 ሰዓት ላይ መቀመጥ ይቻላል። ለምን 8,000 እንደምትጠብቁ አላውቅም።

ጆርኒማን ከሆናችሁ በኋላም ወረቀት መሰብሰቡን አታቁሙ። ለማስተር 12,000 ሰዓት ይጠየቃል፣ በጆርኒማንነት ሁለት ዓመት መቆየትም አለበት።

የልጁን ማስተር እያፈላለግን ነው። ማስተሩ ሳን አንቶኒዮ ከገዛ ልጁ ጋ ይኖራል የሚል ወሬ አግኝተናል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን እንነዳለን። ፎርሙን ሞልተነዋል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።