በሴፕሲስ ታማሚ የደም መርጋት ሲዛባ ሄፓሪን የሚሰጠው መቼና እንዴት ነው?

በሴፕሲስ ጊዜ፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ልኩን አልፎ የራሱን አካላት ሲጎዳ፣ በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ደም እየረጋ ኩላሊትን፣ ሳንባንና ጉበትን ሲጎዳ፣ ለመርጋት የሚያስፈልጉት ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) እና ፕሮቲኖች በዚያው ስለሚያልቁ ታማሚው ለመድማትም ይጋለጣል። የመዛባቱ መነሻ ኢንፌክሽኑ በመሆኑ ቀዳሚው ሕክምና አንቲባዮቲክን ሳይዘገዩ መጀመር፣ የተጠራቀመ መግል ካለም ማስወጣት ነው፤ ይህ ሳይሆን የሚሰጥ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ብዙ አይፈይድም።

መዛባቱን ለመለየት ፕሌትሌት፣ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው አይኤንአርና የአካል ክፍሎችን ጉዳት የሚለካው የሶፋ ውጤት ይበቃሉ። ፕሌትሌት በማይክሮሊትር ከ100,000 በታች ከሆነ 2፣ እስከ 150,000 ድረስ ከሆነ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ አይኤንአር ከ1.4 በላይ ከሆነ 2፣ ከ1.2 በላይ ሆኖ 1.4 ካላለፈ 1 ነው፤ ሶፋ 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 2፣ 1 ከሆነ 1 ነጥብ ይያዝለታል። ድምሩ 4 ሲደርስ፣ ከፕሌትሌትና ከአይኤንአር ብቻ የተገኘውም ከ2 ሲበልጥ፣ ሴፕሲስ ያመጣው የመርጋት መዛባት አለ ይባላል። ይህ የነጥብ አሰጣጥ ዲ-ዳይመርን (የረጋ ደም ሲሟሟ በደም ውስጥ የሚገኝ ቅሪት) ስለማይጠይቅ፣ የዲ-ዳይመር ምርመራ በማይሠራባቸው ሆስፒታሎች ይመቻል። ወባም ፕሌትሌትን ስለሚቀንስ፣ ከቆላ የመጣ ታማሚ ከሆነ የወባ የደም ምርመራው መዘንጋት የለበትም።

ደም የማይፈሰው ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው የመከላከያ መጠን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሄፓሪን ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር፣ ኩላሊቱ ክፉኛ ከተጎዳ ደግሞ ተራው ሄፓሪን 5,000 ዩኒት በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ነው። ደም ከፈሰሰ ሄፓሪኑ ይቆማል፤ ፕሌትሌት ከ50,000 ሲያንስም ብዙ ሐኪሞች መርፌውን አቆይተው እግርን የሚጨምቅ መሣሪያ ይጠቀማሉ፣ በየቀኑም ውሳኔውን ይከልሳሉ። ሙሉ መጠን የሚገባው በእግር ደም ሥር ወይም በሳንባ ላይ የረጋ ደም ሲረጋገጥ እንጂ የላቦራቶሪ ቁጥር ስለተዛባ ብቻ አይደለም።

ከሄፓሪን ሌላ፣ ለሴፕሲስ ይሰጥ የነበረው አክቲቬትድ ፕሮቲን ሲ የተባለው መድኃኒት በአንድ ወቅት ብዙ ተስፋ ቢጣልበትም ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ በ2011 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። የደም መርጋትን የሚገቱት አንቲትሮምቢንና ትሮምቦሞዱሊን በጃፓን ቢሠራባቸውም በሌላው ዓለም የተለመዱ አይደሉም።

ሄፓሪን ከተጀመረ ከ5 እስከ 10 ባሉት ቀናት ፕሌትሌት በግማሽ ከወረደ፣ ሴፕሲሱ ነው ብሎ ከማለፍ በፊት መድኃኒቱ ራሱ መጠርጠር አለበት፤ ጥርጣሬው ከጠነከረ የደም ሥር ቱቦ የሚታጠብበትን ጨምሮ ማንኛውም ሄፓሪን ይቆምና ከሄፓሪን ወገን ባልሆነ የደም ማቅጠኛ ይተካል።