የድሬ ውሃ እና የኔ ቺለር

ድሬዳዋ ኖሮ የማንቆርቆሪያውን ውስጥ ያላየ የለም። ነጭ ኖራ ይጋገርበታል። ማንቆርቆሪያ ከሆነ ግድ የለም፣ በሎሚ ወይም በአቼቶ ይለቃል። ያው ውሃ ሰገነት ላይ ያለው ኩሊንግ ታወር ውስጥ ሲገባ ግን ጣጣው ሌላ ነው። እኔ የአንድ ሕንጻ ቺለር፣ ማለትም ሕንጻውን የሚያቀዘቅዘው ትልቅ ማሽን፣ ጠባቂ ነኝ፤ ከጋዝ ይልቅ ከኖራ ጋር ስታገል ነው የምውለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቺለሩ ከሕንጻው የሰበሰበውን ሙቀት ኮንደንሰር በሚባለው፣ ውሃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ባሉት ክፍል፣ ለውሃ ያስረክባል። ውሃው ሰገነት ላይ ወጥቶ ታወሩ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ማራገቢያው አየር ይስብበታል፣ ጥቂቱ ይተናል፣ የቀረው በርዶ ይመለሳል። የተነነው እያንዳንዱ ሊትር 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ኖራውን ግን ትቶልን ነው የሚሄደው። ወጥ ብዙ ሲንተከተክ ጨው እንደሚበረታበት ማለት ነው።

ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ረዳቴ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ዛሬም ጠፋ!» ቀን 8 ሰዓት ላይ ቺለሩ «ሃይ ፕሬሸር» (የጋዙ ግፊት በዛ) ብሎ ራሱን ያጠፋል። ከኔ በፊት የተጠሩ ባለሙያዎች ጋዝ አንሷል ብለው ሞልተውለት ሄደዋል። ባሰበት። የኮንደንሰሩን ክዳን ስንፈታ ጣት የሚያስገባው ቱቦ እስክሪብቶ እንኳን በግድ ነው የሚያስገባው። ጋዙ ምንም አልጎደለውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብተር አለኝ። እናንተም ከደብተር ጀምሩ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ማሽኑ በደንብ ሲሠራ፣ ሦስት የሙቀት ቁጥር ጻፉ፦ ኮንደንሰር የሚገባው ውሃ፣ የሚወጣው ውሃ፣ እና ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ሙቀት። እኛ ጋ ውሃው 30 ገብቶ 35 ይወጣል። ጋዙ 37 ላይ ነው። በወጪው ውሃና በጋዙ መካከል ያለችው 2 ዲግሪ ናት የኔ ሚስጥር። ያን ግንቦት 7 ደርሳ ነበር። ይህ ልዩነት ሲሰፋ ቱቦው ቆሽሿል ማለት ነው። የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ልዩነት ከ5 አልፎ ሲሰፋ ደግሞ ውሃው አንሷል፤ ፊልትሮውን ወይም ፓምፑን እዩ። የናንተ ማሽን ቁጥር ከኔ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ልክ በታጠበ ማግስት ያለውን ንባብ መነሻ አድርጉ።

ቀጥሎ ውሃውን መቀየር። ታወሩ ሥር ካለው ገንዳ የተጠራቀመውን ማፍሰስ፣ በአዲስ መተካት። መቼ የሚለውን ውሃ ውስጥ የምትነከር፣ የሟሟውን ጨውና ኖራ መብዛት የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ትነግራችኋለች። እኛ ጋ የቧንቧው ውሃ 900 ካነበበ ታወሩን ከ2,000 አላሳልፍም። አለቃዬ «ውሃ እያባከንክ ነው» ይለኛል። ቱቦ መቀየር ስንት እንደሚያወጣ አንድ ቀን አስልቼ አሳየሁት፣ ዝም አለ። የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ደግሞ ተንሳፋፊውን ቫልቭ በየጠዋቱ ማየት ነው። ገንዳው ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ድምፁ ጠጠር የዋጠ ይመስላል።

ታወሩን በየሦስት ወሩ እናጥባለን። በጠዋት ጀምሩ፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ድሬ ላይ ሰገነት አይወጣም። መጀመሪያ የማራገቢያውን ብሬከር አጥፉና ቁልፍ አድርጉበት፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ሰው ውስጥ እያለ ከታች «ለምን ጠፋ?» ብሎ የሚያበራ አይጠፋም። ማስክ የግድ ነው፣ የጨርቁ ሳይሆን ኤን-95። በ1976 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ አንድ ሆቴል ውስጥ ለስብሰባ የመጡ የቀድሞ ወታደሮች በሳንባ ምች ታመው በርካቶቹ ሞቱ። ሊጅዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ስሙን ያገኘው ከማህበራቸው ስም ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ያለ ውሃ ይመቸዋል፣ የታወር ውሃ ልክ እዚያ ላይ ነው። በብናኝ ውሃ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ገንዳው ውስጥ አረንጓዴ ልጋግ ካያችሁ ለሱ ቤት ሠርታችሁለታል።

ልጋጉንና ጭቃውን አውጡ፣ የውሃ መርጫ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ፣ የፕላስቲክ መረቡን ግፊቱ ቀለል ባለ ውሃ እጠቡ። በኃይለኛ ግፊት ከመታችሁት ይሰባበራል። የማራገቢያው ቺንጋ ከላላ ማጥበቅ፣ ኩሽኔታው ላይ ግራሶ ጨመር ማድረግ፣ ይኸው ነው።

ኮንደንሰሩ በዓመት አንዴ ይከፈታል። ብሩሹ ናይለን ይሁን፤ የሽቦ ብሩሽ መዳቡን ይቧጥጠዋል። ክዳኑን በከፈታችሁበት ቀን ጨርሱ። እኔ አንዴ ማታ ከፍቼ «ነገ እንቦርሻለን» ብዬ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ዝቃጩ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል፣ ሦስት ቀን ፈጀብን። እርጥብ እያለ ግን እየቦረሹ በውሃ ሲገፉት እንደ እርጎ ይወጣል። በብሩሽ እምቢ ካለ ለመዳብና ለብረት የተዘጋጀ ማጠቢያ ኬሚካል አለ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ። የሽንት ቤት አሲድ እንዳታስገቡ። አሲድና በረኪናን ማገናኘት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ስትዘጉ አዲስ ጋስኬት። መብራት ጠፍቶ የቆየ ከሆነ ጋዙን የሚጨምቀው የኮምፕረሰሩ ዘይት ማሞቂያ እስኪሠራለት ሳትቸኩሉ ጠብቁ። ከዚያ አስነሱና ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ደብተሩን አውጡ። ባለፈው ቅዳሜ የኔ የጻፈው፦ 30፣ 35፣ 36.8።