የኪነ ጥበብ በጀት ላይ ከመከራከርህ በፊት

"መንግሥት ለምን ለሥዕልና ለቲያትር ብር ያወጣል?" የሚል ክርክር ውስጥ ልትገባ ነው? መጀመሪያ ቁጥሩን ለሕዝቡ ብዛት አካፍለው። ለአሜሪካው ብሔራዊ የኪነ ጥበባት ድጋፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 የተመደበው 207 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ሲሰሙት ያስደነግጣል፣ ከ330 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው አንድ ዶላር እንኳን አይሞላም።

ቀጥሎ ገንዘቡን ማን እንደሚያከፋፍል ጠይቅ። እኔን ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሚኒስትሩ ራሱ የሚመርጥ ከሆነ አርቲስቱ አፉን ይዞ ይቀመጣል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የኪነ ጥበባት ምክር ቤት ስታቋቁም ገንዘቡ ከመንግሥት ይምጣ፣ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ምክር ቤቱ ይወስን የተባለው ለዚሁ ነው። (በተግባር ጣልቃ መግባት ጠፋ ማለት አይደለም።)

"ዩቲዩብ አለ አይደል፣ ጥሩ ሥራ ራሱን ይሸጣል" የሚልህ አይጠፋም። አትናደድበት፣ ግማሽ እውነት አለው። ግን አልጎሪዝሙ (ቪዲዮ መርጦ የሚያቀርብልህ የዩቲዩብ ሥርዓት) የሚገፋው ሰው አፍጥጦ የሚቆይበትን ነው፤ ከመድረክ በፊት ለወራት የሚለማመድ ኦርኬስትራ በእይታ ብዛት ደሞዝ አይከፍልም።

ስክሪንሾት አትመን፣ የበጀት ሰነዱን ራሱን ክፈት። "የተጠየቀ" እና "የጸደቀ" የሚሉት ቁጥሮች ለየቅል ናቸው፤ ሰው ደግሞ ማጋራት የሚወደው ለክርክሩ የሚመቸውን ነው።