የዘመን ፍጻሜን ትንቢት ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከመጋቢነት ጡረታ ብወጣም ዳንኤልና ራእይ ከእጄ አልወጡም። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናኋቸው መጻሕፍት ናቸው። ዛሬም ወጣት አገልጋዮች ቤቴ እየመጡ ስለ ዳግም ምጽአት ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ለማጽናናት የተሰጠ ትንቢት ማስፈራሪያ ሲሆን ነው።

ቀን መቁረጥ

ትልቁ ስህተት ጌታ የሚመጣበትን ቀን መወሰን ነው። አሜሪካዊው ገበሬና ሰባኪ ዊልያም ሚለር በዳንኤል 8፥14 ያለውን 2300 ቀን 2300 ዓመት አድርጎ ወሰደው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ457 ጀምሮ ቆጥሮ እ.ኤ.አ. 1843 ላይ ደረሰ። ያ ሲያልፍ ንቅናቄው ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ቆረጠ። እህላቸውን ሳያጭዱ የጠበቁ ነበሩ። ቀኑ መሽቶ ነጋ። ሚለር አታላይ አልነበረም፤ መጽሐፉን በትጋት የሚያነብ ቅን ሰው ነበር። ቅንነት ግን የተሳሳተ ስሌት አያቃናም።

ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው የሬዲዮ ሰባኪ ደግሞ ሜይ 21 ቀን 2011 አለ። ተከታዮቹ ጥሪታቸውን ለማስታወቂያ ሰሌዳ አፈሰሱ። ቀኑ ሲያልፍ ወደ ኦክቶበር አዛወረው። በዓመቱ ቀን መናገሩ ኃጢአት እንደነበር አመነ። የሰዎቹን ጥሪት ግን ማን ይመልሰው?

እኛም አገር ክፉ ነገር በታየ ቁጥር የዓለም መጨረሻ ደረሰ ለማለት «ስምንተኛው ሺህ ገባ» ይባላል። በአገራችን አቆጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አንዳንዶች ማቴዎስ 24፥36 ቀኑንና ሰዓቱን እንጂ ዓመቱን ማወቅ አይከለክልም ይላሉ። የሐዋርያት ሥራ 1፥7 ግን ወራትንና ዘመናትንም ማወቅ አልተሰጣችሁም ብሎ ያንን በር ዘግቶታል።

ምልክቱን ከስግደት ነጥሎ ማየት

አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ራእይ 13 የሚናገርለት የአውሬው ምልክት፣ 666 ነው ይባላል። ትናንት ባርኮድ፣ በኮሮና ጊዜ ክትባት። እባካችሁ ራእይ 13ን ከምዕራፍ 14 ጋር አንብቡት። በ14፥1 የበጉ ወገኖች የአብ ስም በግንባራቸው ተጽፏል። በ14፥9 ምልክቱን የሚቀበለው ለአውሬው የሚሰግድ ሰው ነው። ዘዳግም 6፥8ም የእግዚአብሔርን ቃል በእጅህና በዓይኖችህ መካከል እሰረው ይላል። ነገሩ የማን ነህ፣ ለማን ትሰግዳለህ ነው። ሰው ሳያውቀው ሐኪም ቤት በመርፌ የሚሰጠው ምልክት አይደለም። በዚህ ፍርሃት ሳይከተቡ የቀሩ ሽማግሌዎችን ሳስብ ውስጤ ይታመማል።

የመጀመሪያዎቹን አንባቢዎች መዝለል

ራእይ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር ለነበሩ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት የተላከ ደብዳቤ ነው። የሰምርኔስ ሰዎች እስር ይጠብቃቸው ነበር፤ በጴርጋሞን አንቲጳስ ተገድሏል። የምዕራፍ 9 አንበጣ ሄሊኮፕተር ነው ሲባል እነዚህን ሰዎች እንረሳለን። እነሱ አንበጣውን ከኢዩኤልና ከዘጸአት ያውቁት ነበር። ራእይ «ተብሎ እንደ ተጻፈ» ሳይል ከብሉይ ኪዳን በመቶ የሚቆጠር ሐሳብ ይወስዳል። ዳንኤልን፣ ሕዝቅኤልንና ዘካርያስን ሳያነቡ መግባት ጨዋታውን ከመሀል እንደ መስማት ነው።

የሠንጠረዥ ጠብ

የመጨረሻውን ዘመን ቅደም ተከተል በሠንጠረዥ እየሣልን እንጣላለን፦ ንጥቀት፣ ማለትም አማኞች ጌታን ለመቀበል መነጠቃቸው፣ ከታላቁ መከራ በፊት ነው፣ በኋላ ነው፣ የክርስቶስ የሺህ ዓመት መንግሥት ቃል በቃል ነው፣ ምሳሌያዊ ነው። እኔም አቋም አለኝ። ግን ሺህ ዓመቱ በስም የተጠቀሰው በራእይ 20 ብቻ ነው። ከመከራው በፊት የሚሆን ንጥቀት በሰፊው የተሰበከውም ከ1830ዎቹ ወዲህ፣ በሰባኪው ጆን ዳርቢ ነው። በዚህ ወንድምን መናፍቅ ማለት ተገቢ አይደለም።

ሥራ መተው

ጌታ ሊመጣ ነው ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ ወጣት ካጋጠማችሁ 2ኛ ተሰሎንቄ 3ን አብራችሁት አንብቡ። ጳውሎስ ለዚያው ችግር ነው የጻፈው።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ማብራሪያና ቪዲዮ ከመክፈታችሁ በፊት ራእይን ከአንድ እስከ 22 በአንድ ቁጭታ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከተቻለም ቤተሰብ ይስማ። በ1፥3 ብፅዕና የተነገረው ለሚያነበውና ለሚሰሙት፣ የተጻፈውንም ለሚጠብቁት ነው።