ከዘይት ክዳኑ ሥር የተገኘው ነጭ ዝቃጭ

በክረምቱ የቪትዜን የሞተር ዘይት ክዳን ስከፍት ከሥሩ ወተት የመሰለ ወፍራም ዝቃጭ ተለጥፎ አየሁ። መካኒኩ ወዲያው «ቴስታታው ይውረድ» አለኝ፤ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተበላሽቶ የራዲያተሩ ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ወጪ ከመግባት በፊት ማጣራት የግድ ነው! የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዤ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ዘይቱ ጥርት ያለ ቡናማ ነው። የራዲያተሩ ውሃ አልጎደለም፣ ዘይትም አልተንሳፈፈበትም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከማርሚታው ነጭ ጭስ አይወጣም። ስለዚህ ጋስኬቱን መጠርጠር ተውሁ።

ነገሩ የአጭር መንገድ ጣጣ ነበር፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ሳይተን ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ይጠራቀማል። የሞተሩን ትነት የሚያስወጣው የፒሲቪ ቫልቭም በጥቀርሻ ተጣብቆ፣ ስነቀንቀው እንደ ደህና ቫልቭ የመንኳኳት ድምፅ አልነበረውም። ቫልቩን፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየርሁ፤ ክዳኑን አጽድቼ እስከ አዳማ ነዳሁት። ዝቃጩ አልተመለሰም። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ከነጣ ግን ሞተሩን ማስነሳት አይገባም፤ መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ።