ጫጩቶቹን የገደለው በሽታ ሳይሆን የክፍሉ ጥግ ነበር

በወጣት ማኅበራችን ዶሮ ቤት የአንድ ቀን ጫጩቶች በገቡ በሦስተኛው ጠዋት ጥግ ላይ ተደራርበው፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ተገኙ። ብዙ ሰው ወዲያው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። ነገር ግን ኩሳቸው ደህና ነበር፣ የሞቱትም ከክምሩ ሥር ያሉት ብቻ ናቸው። በሽታ እንዲህ አይመርጥም።

የሆነው ይህ ነው፦ ከሰሉ እኩለ ሌሊት ላይ ይከስማል፣ ጫጩት ሲበርደው ጓደኛው ሥር ይገባል፣ ጥግ ከያዘ ደግሞ መውጫ የለውም።

ስለዚህ ጥጉን አጠፋነው። ካርቶን ቀደን 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ አጥር ሠራን፤ ለ50 ጫጩት ከዳር እስከ ዳር 1.20 ሜትር ይበቃል። ከሥር 5 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፋል። የደቀቀው ሰጋቱራ አይሆንም፣ መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል። ጋዜጣም ያንሸራትታቸውና እግራቸው ይከፈታል።

ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ጭሱ ሲያልቅ ይግባ፣ አመድ ይልበስ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተረኛ ይጨምርበት። ጭስ ባይታይም የከሰል ጋዝ ይገድላልና የላይኛው መስኮት አይደፈን።

በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ 33 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል መቀነስ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቶቹን ማየት ነው፦ እሳቱ ዙሪያ ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ዳር ከያዙ ሞቋቸዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሸሹ በሌላው ጎን ነፋስ ይገባል። እኛ ጋ ነፋሱ የገባው በበሩ ሥር ነበር፤ ማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለን ደፈንነው።